ስለ ክትክታ ቅጠል

በአውሮፓ መጸው ሲገባ ቅጠላቸው የሚቀላ ቍጥቋጦዎች ለጌጥ ይተከላሉ፤ የሚያቀላቸውም የቀኑ ማጠርና ብርዱ ነው። በአዲስ አበባ ግን የቀኑ ርዝመት እጅግም ስለማይለዋወጥ፤ ቢመጡ እንደ አገራቸው መቅላታቸው ያጠራጥራል።

ነገር ግን እኛ ለማገዶ የምንቈርጠው ክትክታ በኒውዚላንድም ይበቅላል። የዚያ አገር ሰዎች ቅጠሉ ወይን ጠጅ የሚመስለውን መርጠው አራቡት፤ ብርድ ሲበረታ መልኩ ይጠቍራል፤ ዛሬ በብዙ አገር የአትክልት ስፍራ ጌጥ ሆኗል።

በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች የተዘረጋው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ያገር ተክል የሚጠበቅበትና የሚጠናበት ስፍራ ነው። እንግዲህ መንገድ የሚያስጌጡ ሹማምንትና የደብር ቅጥር የሚጠብቁ ካህናት፤ የውጭ ችግኝ ከመግዛት አስቀድሞ የገዛ ክትክታችንን መርምረው መልከ መልካሙን ቢያራቡ፤ ተክሉም ከምሳር ይድናል፤ ከተማውም ያጌጣል። በደጁ ያለውን ሳያውቅ የሩቁን የሚመኝ ሁለቱንም ያጣል።