ሣርን ከሣር ስለ መለየት

ሣር ሁሉ አንድ ነው የሚል አነጋገር በገጠርም በከተማም ይሰማል። ነገር ግን ሀገር የሚያስተዳድር ሹም ወይም ባለመሬት የሆነ ሰው በዚህ አነጋገር ሊታለል አይገባውም፤ ሕዝቡ የሚመገበው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ሁሉ ከሣር ወገን ናቸውና። አዝመራውን የሚያበላሹት እንክርዳድ፣ ሲናርና ሙጃም የዚያው ወገን ናቸው። ወዳጅና ጠላት ከአንድ ቤት ስለ ወጡ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘሩ ተዘርቶ ዛላው ከወጣ በኋላ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት የቈጠሩት የሣር ዓይነት ከ11,000 ይበልጣል። ይህን ሁሉ ማወቅ ከሹም አይጠበቅም፤ በግዛቱ የሚገኙትን ጥቂቶች አጥርቶ መለየት ግን ሥራው ነው።

አስቀድሞ ሣር የሆነውን ሣር ካልሆነው መለየት ያስፈልጋል። የሣር አገዳ ክብ ሆኖ በአንጓ የተከፋፈለ ነው። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቀርከሃና ሸምበቆ፣ እነርሱም ሣሮች ናቸውና፣ ይህን በግልጥ ያሳያሉ። ማሽላ፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ግን ውስጣቸው የሞላ ስለ ሆነ በዚህ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም። ቅጠሉ ከአንጓው ተነሥቶ አገዳውን እንደ ሰገባ ከሸፈነ በኋላ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ቅጠሎቹም በግራና በቀኝ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። በቅዳም ሥዑር በቤተ ክርስቲያን የሚታደለው፣ በበዓልም ቀን በቤት የሚጐዘጐዘው ቄጤማ ግን ሣር ቢመስልም ሣር አይደለም። አገዳው አንጓ የለውም፤ በጣት መካከል ቢያንከባልሉት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይገኛል፤ ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገልም የዚሁ የቄጤማ ዘመድ ነው።

ዛላ ያላወጣውን ቡቃያ ለመለየት የሚፈልግ ሰው ቅጠሉ ከአገዳው የሚላቀቅበትን ስፍራ ይመልከት። በዚያ በውስጥ በኩል ምላስ የምትመስል ስስ ነገር ትገኛለች፤ በአንዳንዱም ሣር በግራና በቀኝ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉ። የገብስ ጆሮ ረዥምና ጠጕር የሌለው ነው፤ አገዳውንም ከብቦ ይደራረባል። የስንዴ ጆሮ አጭር ነው፤ ጠጕርም አለው። ሲናር የሚባለው የአጃ ወገን ግን ጆሮ የለውም፤ ምላሱ ብቻ ትልቅ ነው። ደግሞም የስንዴና የገብስ ቡቃያ ቅጠል የሰዓት ዘንግ ወደሚዞርበት ሲጠማዘዝ የሲናሩ በተቃራኒው ይጠማዘዛል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ አራሚ ሲናርን ከገብስ መካከል ገና በለጋነቱ መንቀል ይችላል። ከአጃ ወገን አንዱ ዘሩ አጨዳ ሳይደርስ ይረግፍና ለከርሞ በመሬቱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ግን እስከ ዐውድማ ከገብሱ ጋራ ይቆያል። ይህንን ሁለተኛውን ገበሬው አንዳንድ ጊዜ እያወቀ ይተወዋል፤ ከገብሱ ጋራ ይበላልና አይፈረድበትም።

እንክርዳድ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ጠላት በስንዴው መካከል እንደ ዘራው የተነገረለት ይኸው ነው። ምሳሌው እስከ መከር አብረው እንዲያድጉ መተዋቸውን የሚናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛላ ሳያወጡ ሁለቱን መለየት ለለመደ ዐይን እንኳ ያስቸግራል። የእንክርዳድ ዘር የገባበት ዱቄት የተጋገረ እንደ ሆነ የበላውን ሰው ያዞረዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ዐይኑንም ያጭበረብረዋል። ፈረንሳውያን ኢቭሬ ብለው የሰየሙት ከስካር ቃል አውጥተው ነው። የዛሬ ሊቃውንት መርዙን በሣሩ ውስጥ ተሸሽጎ ከሚኖርና ከዘር ወደ ዘር ከሚተላለፍ እንደ ሻጋታ ካለ ነገር ጋራ ያያይዙታል። ሣሩ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል በመልኩ ማንም አይጠረጥረውም።

ዛላው ከወጣ በኋላ ግን ስሕተት ሊኖር አይገባም። በስንዴ ዛላ ላይ እያንዳንዱ ንዑስ ዛላ ሰፊ ጎኑን ወደ መካከለኛው ዘንግ አድርጎ ይለጠፋል፤ ሁለትም ገለፈት አለው። በእንክርዳድ ግን ንዑስ ዛላው ጠርዙን ወደ ዘንጉ አዙሮ ይቆማል፤ ከጫፉ በቀር ገለፈቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ረዥም ሆኖ ንዑስ ዛላውን ከታች እስከ ላይ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ዛላው ከሩቅ ሲያዩት ጠፍጣፋና ሳሳ ያለ ነው።

የእንክርዳድ ፍሬ በመጠኑ ወደ ስንዴው ስለሚቀርብ ወንፊት ብቻውን አይለየውም፤ ሴቶች በሰፌድ እያበጠሩ የሚለቅሙት ስለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ድካም አለበት፤ ዘሩ በመሬት ውስጥ ብዙ ዘመን አይቆይም። ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገረው ሰው ራሱ ከስንዴው ጋራ እየቀላቀለ ስለሚዘራው ነው። በአውሮጳ ሊጠፋ የቀረበው ዘር የማጥራት ሥራ ስለ በረታ ነው። እንግዲህ በድርቅ ለተጎዳ ወረዳ የዘር እህል የሚያከፋፍል ሹም ጎተራውን ሳያስመረምር የሰጠ እንደ ሆነ እንክርዳዱን በገዛ እጁ አከፋፈለ ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ለዘር የሚሆነውን ስንዴ ገና በማሳ ሳለ ለይቶ ማሳረም፣ ለብቻም አሳጭዶ ለብቻ ማስወቃት ነው።

ሙጃ በስንዴና በገብስ ማሳ እጅግ የሚበረታ አረም ነው፤ ራሱ ብዙ ቀጫጭን ዛላ ያወጣል፤ ከብት ግን ይወደዋልና ሳያፈራ ታጭዶ መኖ ቢሆን ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ሰርዶ በጫፉ እንደ እጅ ጣት የተዘረጉ ጥቂት ዘለላዎች አሉት፤ በምድር ላይም በምድር ውስጥም ይሳባል። በገደል አፋፍ ዐፈር ይይዛል፤ በማሳ ግን ማረሻ የቈራረጠው ሥሩ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ስለዚህ በበጋ ደጋግሞ አርሶ ሥሩን ለፀሐይ መስጠት ይሻላል፤ በእርጥብ መሬት ቢያርሱት ማባዛት ነው።

የግጦሽን መሬት ሁኔታ ሣሩ ራሱ ይመሰክራል። አክርማ ሴቶች ለስፌት የሚፈልጉት ጠንካራ ሣር ነው፤ በቅጠሉ ዳር የጥጥ ቁራጭ የመሰለ ነጭ ጠጕር አለው፤ ከብት ግን አይደፍረውም። መስኩን አክርማ ብቻ ወርሶት የተገኘ እንደ ሆነ ለስላሳው ሣር በብዙ ከብት ተግጦ ማለቁን ያስረዳል። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሰዎች ይህን ከብዙ ዘመን በፊት አውቀው የጓሳን ሣር ለዓመታት እየከለሉ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ያጭዱ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ አሮጌው ሥርዓት ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹ ግን ኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሰው አቁመውታል።

ያልታወቀ ሣር ያጋጠመው ሹም ወደ ሊቃውንት ሲልከው ቅጠሉን ብቻ ቀንጥሶ አይላክ። ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ዛላውም ሳይረግፍ፣ በሁለት ወረቀት መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ የሀገሬው ሰው የሚጠራበት ስም፣ የተገኘበት ቀበሌና ወር፣ ከብትም ይበላው እንደ ሆነ በአጠገቡ ይጻፍ። ሥርና ዛላ የሌለው ሣር በማንም እጅ ቢገባ በእርግጥ ሊታወቅ አይችልም።