የቫይረስ ሕመም እንደሚጸና አስቀድመው የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

አብዛኛው ሰው በቫይረስ ከሚመጣ ሕመም በዕረፍትና በቂ ፈሳሽ በመውሰድ ይድናል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ምልክት ብቻ አሳይተው ቆይተው ሕመሙ በድንገት ይጸናባቸዋል። በኮቪድ-19 ይህ ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ምልክቱ ከጀመረ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዴንጊ ትኩሳት ደግሞ አደጋው የሚበረታው ትኩሳቱ መብረድ ሲጀምር፣ ሕመምተኛውና ቤተሰቡ “ተሻለ” ብለው በሚዘናጉበት ወቅት ነው። የጤና ባለሙያዎች የቅርብ ክትትል የሚያስፈልገውን ሕመምተኛ አስቀድመው ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የደም ምርመራ ነው።

ምርመራዎቹ ምን ያሳያሉ?

ሜታቦሊዝም የሚባለው ሰውነት ከምግብ ኃይል የሚያገኝበትና ኃይሉን የሚጠቀምበት ሂደት ነው። ቫይረስ ሰውነትን ሲያጠቃ ይህ ሂደት ይለወጣል፤ ለውጡም በደም ውስጥ በሚገኙ ንጥረ ነገሮች መጠን ይንጸባረቃል። ከእነዚህም መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

• የደም ስኳር፦ ጤናማ ሰው ምግብ ሳይበላ ሲለካ የደም ስኳሩ ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይሆናል። በጽኑ ሕመም ወቅት እንደ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች ስለሚጨምሩ፣ ኢንሱሊንም እንደወትሮው ስለማይሠራ፣ የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው ስኳር ጭምር ከፍ ሊል ይችላል። በኮቪድ-19 ታመው ሆስፒታል በገቡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሲገቡ ስኳራቸው ከፍ ያለ ሕሙማን ሕመሙ የሚጸናባቸው ከሌሎቹ በበለጠ መሆኑን አሳይተዋል።

• ላክቴት፦ ህዋሳት በቂ ኦክስጅን ሳያገኙ ሲቀሩ በደም ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ ከ2 ሚሊ ሞል በሊትር ሲያልፍ ባለሙያው ምክንያቱን ይመረምራል።

• ኤልዲኤች፦ በህዋሳት ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም ሲሆን ህዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም ይወጣል። በኮቪድ-19 ሳንባ ሲጎዳ ይጨምራል፤ ሆኖም ጉዳቱ የደረሰው በየትኛው የአካል ክፍል እንደሆነ ብቻውን አይለይም።

• አልቡሚን፦ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። በጽኑ ሕመም ወቅት መጠኑ ይቀንሳል።

• የጉበት ኢንዛይሞች፦ በአገራችን በ2013 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተከሰተውን የዴንጊ ትኩሳት የመሰሉ ሕመሞች ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። ኤኤስቲ ወይም ኤኤልቲ የተባሉት ኢንዛይሞች 1,000 ዩኒት በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሲደርሱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሕመሙን ከጽኑ ዴንጊ ይመድበዋል።

አንድ ቁጥር ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም

ከላይ የተጠቀሱት ውጤቶች ከቫይረስ ውጭ በሆነ ምክንያትም ሊለወጡ ይችላሉ። ለምሳሌ፣ ለጽኑ ኮቪድ-19 የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ይጨምራል፤ የምግብ እጥረት እንዲሁም የጉበትና የኩላሊት ሕመም አልቡሚንን ይቀንሳሉ። ስለሆነም ባለሙያው ውጤቱን ከዕድሜ፣ ከአተነፋፈስ፣ ከደም ግፊት፣ ከኦክስጅን መጠንና ከቆየ ሕመም ጋር አገናዝቦ ይወስናል። ምርመራው በየተወሰነ ጊዜ እንዲደገም ሊታዘዝ የሚችለውም ቁጥሩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ማወቅ ስለሚጠቅም ነው።

ከተገልጋዮች ምን ይጠበቃል?

1. የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ እንዲሁም የሚወስዱት መድኃኒት ካለ አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ።
2. ደም ከመስጠትዎ በፊት ምግብ የበሉበትን ሰዓት ያሳውቁ።
3. የቀድሞ የላቦራቶሪ ውጤትዎን ይዘው ይቅረቡ፤ አዲሱ ውጤት ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይጠቅማል።
4. ውጤቱን አይተው በራስዎ ውሳኔ መድኃኒት አይጀምሩ፤ የጀመሩትንም አያቋርጡ።
5. በሕመም ወቅት የታየ ከፍተኛ ስኳር ካገገሙ በኋላ እንደገና እንዲለካ ያድርጉ። ቀደም ሲል ሳይታወቅ የቆየ የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል።
6. ዴንጊ ከተጠረጠረ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ የደም መፍሰስን ያባብሳሉ።

የምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባዎ መቼ ነው?

የመተንፈስ ችግር፣ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት ወይም ከባድ ድካም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ የሚፈስ ደም፣ የሽንት መቀነስ ከታየ ጊዜ ሳይወስዱ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ። የቀድሞው የደም ምርመራ ጤናማ መሆኑ እነዚህን ምልክቶች ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም።