ዱቡሻና የንግግር ተራ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ፣ አባያንና ጫሞን በመካከላቸውም የተዘረጋውን የእግዜር ድልድይ ቁልቁል እየተመለከተ ወደ ጨንቻ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ በእንሰት የተከበበውን የዶርዜን ቤትና የሸማኔውን ጥበብ ማድነቁ ተገቢ ቢሆንም፣ ከዚያ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም ጣሪያና ግድግዳ የሌለው፣ የጋሞ ሕዝብ ስለ ወሰንና ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ፣ ስለ ሹመትም ለመምከር የሚሰበሰብበት ዱቡሻ የተባለው አደባባይ ነው። በዚህ ስፍራ ላይ ሐሰት መናገር ጎሜ፣ ማለትም በሽታንና የእህልን መታጣት በአገር ላይ የሚያመጣ ነውር ነው ተብሎ ከጥንት ስለሚታመን፣ ዱቡሻ የሚከበረው ከቤተ ጸሎት ባላነሰ ፍርሃት ነው።

የጋሞ ምድር በቀድሞው ሥርዓት ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ዲታ፣ ጋንታ እየተባሉ በሚጠሩ ብዙ ዴሬዎች፣ ማለትም አገሮች፣ የተከፈለ ነበር። በአብዛኞቹም ሥልጣኑን በትውልድ የሚወርስ ካዎ አለ፤ በሸንጎ ተመርጦ፣ ሕዝቡን በድግስ አስደስቶ፣ የተወሰነለትን ጊዜ አገልግሎ የሚለቅ ሀላቃም አለ። ሥርዓቱ ከዴሬ ዴሬ ይለያያል። ነገር ግን የመናገር መብት የካዎውም የሀላቃውም ንብረት አለመሆኑ የጋራ ጠባያቸው ነው።

ጉባኤው በቡራኬ ይከፈታል። ሽማግሌዎቹ አገር ሰላም እንዲሆን፣ ዝናሙ እንዲዘንም፣ ከብቱ እንዲረባ ከመረቁ በኋላ፣ አሳብ ያለው ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ እርሱ ሳይጨርስ ሌላው አይነሣም፤ ንግግሩንም የሚጀምረው በምርቃት ስለሆነ፣ በቁጣ ተቃጥሎ የመጣ ሰው እንኳ ባላጋራውን ከመክሰሱ በፊት መላውን ሸንጎ፣ ባላጋራውንም ጨምሮ፣ ለመባረክ ይገደዳል። ይህን ሥርዓት ያቆሙት አበው የሰውን ጠባይ ጠልቀው ያወቁ ነበሩ ብል አላጋነንሁም፤ አንደበት አንዴ ከመረቀ በኋላ ወደ ስድብ ለመመለስ ያፍራልና። ነገሩ የሚቆረጠው በእጅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ነው፤ ስምምነት ካልተገኘም ጉባኤው ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ስለዚህ የመጨረሻው ተናጋሪ ተራ ባዶ ወግ አይደለም፤ ያልተሰማ ሰው እስካለ ድረስ ነገሩ አልተቆረጠምና።

ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ ሸንጎ ያጠናውን በ1983 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ፣ የባሕር ማዶ ሊቃውንት ይህን ጉባኤ ከጥንታዊት አቴና ሸንጎ አጠገብ አቁመው ለመመርመር በቅተዋል፤ በአቴናም ዐዋጅ ነጋሪው መናገር የሚሻ ማን እንደ ሆነ በአደባባይ ይጠይቅ ነበር፣ በቀደመው ሕጓም ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ ሰዎች አስቀድመው እንዲናገሩ ይጋበዙ ነበር።

ይኸው የተራ ጥያቄ ማንም በማይጠብቀው ስፍራ፣ በጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ እንደገና ተነሥቷል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ አወጡ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ልብ ወለድ ጀግና ሚና ተቀብሎ፣ አንዱ ደግሞ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን እየተረከ፣ ሁሉም በቃል አንድ ታሪክ አብረው ይሠራሉ። ውጊያ ሲነሣ ተራው ችግር የለበትም፤ ሁሉም ሃያ ፊት ያለውን ዳይስ ይጥላሉ፣ በወጣላቸውም ቍጥር መሠረት ይሰለፋሉ። ሰይፍ ተሰክቶ ምክርና ጉዞ ሲጀመር ግን ሕጉ ዝም ስለሚል፣ አንደበተ ርቱዑ ተጫዋች ታሪኩን ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ዓይን አፋሩም ማታውን ሙሉ አድማጭ ሆኖ ያመሻል። በ1981 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች የታተመው የሕግ መጽሐፍ ከተጫዋቾቹ አንዱ የባልንጀሮቹን አሳብ ሰብስቦ ለመሪው የሚያደርስ ቃል አቀባይ እንዲሆን ይመክር ነበር፤ ይህ ሹመት ኋላ ቀርቶ፣ ዛሬ ዝም ያለውን ስሙን ጠርቶ «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የመጠየቁ ሸክም በመሪው ጫንቃ ላይ ወድቋል። መሪው ደግ ከሆነ ሁሉ ይናገራል፤ ቸልተኛ ከሆነ ጨዋታው የጥቂቶች ነው። ዱቡሻ በዚህ ይበልጣል እላለሁ፤ ተራን የሚጠብቀው የአንድ ሰው ደግነት ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ነውና።

ዱቡሻ የሚያስተምረው የመደማመጥ ፍሬ ከአደባባዩ ውጭም ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለችው በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፣ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው በመንበርከክ ከጥፋት መልሰዋቸዋል። ወጣቱ ሣሩን ረግጦ ማለፍ ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሽማግሌው ሲነሣ ማድመጥን የለመደ ትውልድ ባይሆን ኖሮ፣ በዚያ ቀን የሚያቆመው ምን እንደ ነበር እንጃ።

ሆኖም ውዳሴው ልክ አለው። በቀድሞው ሥርዓት ሴቶች፣ እንዲሁም ማናና ደጋላ የተባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ባለ እጆች፣ ከዱቡሻው ክብ ውጭ ነበሩ። ሸንጎው የሚያበስልበት ድስትና የሚያርስበት ማረሻ ከእጃቸው ሲወጣ፣ ስለ ሸንጎው ጉዳይ የሚናገሩበት ተራ ግን አልተሰጣቸውም። የጨዋታ ጠረጴዛ አንድ ወንበር በመጨመር ይሰፋል፤ የዱቡሻ ክብ ግን በዎጋ፣ በአበው ልማድ፣ የታጠረ ነው። ዎጋን መርምሮ የማሻሻል ሥልጣን ያለው ደግሞ ራሱ ሸንጎው ስለሆነ፣ የእነዚህን ሰዎች ነገር መርቆ ተነሥቶ በመካከል ሊያቀርበው የሚችለው፣ ተራ የተነፈገው ሰው ሳይሆን፣ ከውስጥ ተቀምጦ ተራው የደረሰው ነው።