የጠበቆች ማኅበርና የአባላቱ መዋጮ

የጥብቅና ፈቃድ የያዘ ሰው በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ ቢሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በሕግ ለተቋቋመው የካሊፎርኒያ የጠበቆች ማኅበር ዓመታዊ ክፍያ የመክፈል ግዴታ አለበት። ከአባላቱ መካከል 21ዱ፣ «ተገደን የምንከፍለው መዋጮ ለማናምንበት የፖለቲካ ዓላማ ሊውል አይገባም» ሲሉ ማኅበሩን ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ጉዳዩን መርምሮ በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ ይኸውም የግዴታ መዋጮ ለሙያው ቁጥጥርና ለሕግ አገልግሎት መሻሻል ሊውል ይችላል፤ የተቃዋሚ አባላት ገንዘብ ግን ከዚህ ውጭ ላለ የፖለቲካ ዓላማ ማራመጃ አይሆንም የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የፌዴራል ጠበቆች ሁሉ የአንድ ማኅበር አባላት እንዲሆኑ ተደንግጓል። በፈቃደኝነት የገባ አባል ቅር ሲለው ይወጣል፤ በሕግ የገባ ግን ሙያውን ሳይተው ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በጉባኤ ላይ የሚያነሣው ቅሬታ ብቸኛ መከላከያው በመሆኑ፣ የመዋጮው ዓላማ ወሰን አስቀድሞ ሊደነገግ ይገባል።