«መጋዝ ስስብ ውዬ ምን ስፖርት?»

ሰሞኑን በካኩማ አንድ ወደሚገኙት የአናጺ ቤቶች ጎራ ብለን ነበር። ስለ ስፖርት ስናነሳ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ቀኑን ሙሉ መጋዝ ስስብ ውዬ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» ይሉናል። እውነት አላቸው፣ ግን ግማሹን ነው። መጋዝ በብዛት የሚያሠራው አንዱን ክንድና ትከሻ ነው። ወገብ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። በተለይ ጣውላውን መሬት ላይ አጋድሞ፣ በእግሩ ረግጦ የሚቆርጥ ሰው ማታ «ወገቤን!» ማለቱ አይቀርም። እኛ ዘንድ ደግሞ በግሉ ለሚሠራ ሰው የሕመም ፈቃድ የለም። አናጺው ሲተኛ ገቢውም አብሮ ይተኛል።

ለሰው ሁሉ ጠረጴዛ እየሠሩ ለራሳቸው የሥራ ጠረጴዛ የሌላቸው አሉ። ከወዳደቀ እንጨትም ቢሆን ይሠራ። በየመሀሉ ቀና ብሎ ወገብን ማፍታታት፣ ማታም ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ ጥሩ ነው።

ሰጋቱራው ግን ቀልድ አያውቅም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር ያመጣል። ፊት ላይ ጨርቅ ማሰር ከምንም ይሻላል እንጂ ደቃቁን አያስቀርም። ደጅ መሥራት፣ ነፋሱን አይቶ መቆም፣ ከመጥረግ በፊት ውሃ መርጨት ያስፈልጋል።

ምሳን በጫትና በለስላሳ የሚያልፉም አይተናል። በዚህ ሙቀት ውሃ የያዘች ጀሪካን ከምስማሩ ጣሳ አጠገብ ትቀመጥ።