የሙዚቃ ፋይል የሚለዋወጡ የግል ማኅበሮች፤ አሠራራቸውና ፍጻሜያቸው

መግቢያ

ከተማሪዎች መካከል ከጓደኛው ዘፈን ያልተቀበለ፣ ለጓደኛውም ያልሰጠ ብዙ አይገኝም። ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል ሲሆን ቀላል ነው፤ ሰጪና ተቀባይ ይተዋወቃሉ፣ ውለታውንም አይረሱም። ዳሩ ግን ፈጽሞ የማይተዋወቁ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት ሙዚቃ እየተለዋወጡ ለዓመታት ሊቆዩ የቻሉት በምን ዐይነት ሥርዐት ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። ለምሳሌ የወሰድኋቸው በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው «ኦይንክ» እና እርሱ ከተዘጋ በኋላ የተነሣው «ዋት ሲዲ» ናቸው። ሁለቱም ዛሬ የሉም። የአገራችን አዋጅ ከተጠቀሰበት ስፍራ በቀር፣ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ አስቀድሞ አንድ ነገር መግለጽ ይገባኛል። እነዚህ ማኅበሮች ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ የሰውን ሥራ ያባዙ ስለ ነበረ ሕግን ተላልፈዋል። ይህን ለማስተባበል አልተነሣሁም። ነገር ግን በጥፋታቸው ውስጥ አንድ ጠቃሚ ሥርዐት ተገኝቶ ነበርና፣ ጥፋቱ ሲወገድ ሥርዐቱም ሳይመረመር አብሮ እንዳይጣል ለማሳሰብ እወዳለሁ።

1. ከናፕስተር እስከ ቢትቶረንት

ከአቻ ወደ አቻ የሚባለው አሠራር ማለት፣ ፋይሉ ከአንድ ትልቅ ማዕከል ሳይሆን ከአንዱ ተጠቃሚ ኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ሌላው ተጠቃሚ ኮምፒዩተር የሚተላለፍበት ዘዴ ነው። በሙዚቃ ረገድ ይህን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው በ1999 በአሜሪካ የተጀመረው «ናፕስተር» ነው። የናፕስተር ማዕከል ዘፈኖቹን አያስቀምጥም ነበር፤ የሚይዘው የትኛው ዘፈን በማን ኮምፒዩተር ውስጥ እንደሚገኝ የሚያመለክት ዝርዝር ብቻ ነው። ሆኖም አሳታሚዎቹ ከሰው ስለ ረቱት በ2001 አገልግሎቱን አቋረጠ።

በ2000 የወጣው «ኑቴላ» ደግሞ ማዕከላዊ ዝርዝር እንኳ አልነበረውም። በዚያው ዓመት አዳርና ሁበርማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የኑቴላን ተጠቃሚዎች አጥንተው ያገኙት ውጤት እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከመቶ ሰባ የሚጠጉት ተጠቃሚዎች ለሌላው ምንም አያካፍሉም ነበር፤ ለፍለጋ ከሚሰጠውም መልስ እኩሌታው ያህል የሚመጣው ከመቶ አንድ ከሆኑት ኮምፒዩተሮች ነበር። እንግዲህ ጥቂቶቹ ይዘሩ ነበር፣ ብዙዎቹ ግን ያጭዱ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ከፊል መፍትሔ ያስገኘው ብራም ኮኸን የተባለው አሜሪካዊ በ2001 ያወጣው «ቢትቶረንት» ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ፋይል ወደ ብዙ ትንንሽ ቍራጮች ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ቍራጭ በሒሳብ የተሠራ መለያ ስላለው፣ የተበላሸ ቍራጭ ሲመጣ የተቀባዩ ኮምፒዩተር ወዲያው ዐውቆ ይጥለዋል። ተቀባዩም ፋይሉ በሙሉ እስኪደርሰው አይጠብቅም፤ የደረሰውን ቍራጭ ለሌላው መስጠት ይጀምራል፤ ይልቁንም ለእርሱ አብዝተው ለሚሰጡት ያደላል። ይህም በገጠራችን ከሚታወቀው ወንፈል ጋራ ይመሳሰላል፤ ዛሬ እኔ የአንተን ባርስልህ፣ ነገ አንተ የእኔን ታርስልኛለህ። «ትራከር» የሚባለው ሰርቨር ደግሞ መዝጋቢ ነው፤ አንዱን ፋይል በዚያች ሰዓት የሚለዋወጡት እነማን እንደ ሆኑ ለጠየቀው ይነግራል።

ነገር ግን ወንፈሉ የሚጸናው አዝመራው እስኪገባ ብቻ ነው። ተቀባዩ የመጨረሻዋን ቍራጭ እንዳገኘ ፕሮግራሙን ቢዘጋ የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ ለሁሉ ክፍት በሆኑት ቦታዎች አዲስና ዝነኛ ዘፈን እንደ ልብ ሲገኝ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚፈልጉት የቆየ ሥራ ብዙ ጊዜ ሰጪ አጥቶ ይቀራል።

2. የማኅበሩ ደንብና የሬሾው ሒሳብ

የግል ትራከር የተፈጠረው ይህን ጕድለት ለማረም ነው። ወደዚህ ማኅበር የሚገባው በአባል የተጋበዘ ሰው ነው፤ ጋባዡም ለጋበዘው ሰው ጠባይ ይጠየቃል። እቁብ የገባ ሰው ዋስ መጥራት ለምን እንደሚያስፈልግ ስለሚያውቅ ይህ ደንብ አያስገርመውም፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን የሚያስተማምናቸው በመካከል ያለው የሚያውቃቸው ሰው ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ አባል የራሱ ምስጢራዊ ቍልፍ ስለሚሰጠው፣ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደና ምን ያህል እንደ ሰጠ ይመዘገባል። የሰጠው በወሰደው ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር «ሬሾ» ይባላል። 10 ጊጋባይት ወስዶ 8 ጊጋባይት የሰጠ ሰው ሬሾው 0.8 ነው። ሬሾው ከተወሰነው በታች የወረደበት አባል በተሰጠው ቀነ ገደብ ካላሻሻለ የመውሰድ መብቱ ይታገዳል።

ደንቡ ሲሰሙት ፍጹም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አንዱ የሚወስደው ሌላው የሚሰጠውን ስለ ሆነ፣ በማኅበሩ ውስጥ የተሰጠው ድምር ከተወሰደው ድምር ጋራ ምንጊዜም እኩል ነው። ስለ ሆነም ሁሉም አባላት በአንድነት ከ1 የበለጠ ሬሾ ሊኖራቸው አይችልም፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለቱ ግድ ነው። ለምሳሌ 300 ሜጋባይት የሚሆን አንድ አልበም አንድ አባል ቢያመጣና 9 ሰዎች ቢወስዱት፣ የተወሰደው ድምር 2,700 ሜጋባይት ነው። አምጪው ፈጣን መስመር ስላለው 2,000 ሜጋባይቱን ራሱ ቢሰጥ፣ ለዘጠኙ የሚቀርላቸው የመስጠት ዕድል 700 ሜጋባይት ብቻ ነው። እነርሱ ሌሊቱን ሁሉ ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ቢያድሩም አማካይ ሬሾአቸው ከ0.26 አይበልጥም። ጕድለቱ ከስስታቸው የመጣ አይደለም፤ የሚቀበላቸው በማጣታቸው የመጣ ነው። ገንዘብ ያለው ግን ፈጣን ሰርቨር ተከራይቶ ከሁሉ ይቀድማል። የእኩልነት ደንብ የታሰበው እንግዲህ ባለ ቀርፋፋውን መስመር የሚጐዳ ሆኖ ተገኘ።

ዋት ሲዲ ይህን በሁለት መንገድ ለማቃለል ሞክሯል። አንደኛው፣ ብዙ ከወሰደው አባል እንኳ የሚጠየቀው ከፍተኛ ሬሾ 0.60 ሆኖ፣ የወሰደውን ሳይሰርዝ ለሌሎች ክፍት አድርጎ ለያዘ አባል ግዴታው የሚቀንስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በማኅበሩ ውስጥ ያልተገኘ ሥራ የሚፈልግ አባል ከሰጠው ሒሳብ ላይ ቈርሶ ሽልማት ይመድባል፤ ሌሎች ፈላጊዎችም ይጨምሩበታል፤ ሥራውን ፈልጎ ያመጣ ሰው ሽልማቱን ይወስዳል። በነዚህ ሁለት ደንቦች ምክንያት ማንም የማይፈልገውን መያዝ፣ ማንም ያላገኘውን መፈለግ የሚያስመሰግንና የሚጠቅም ሆነ። የማኅበሩ ሀብት ምንጭ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሙዚቃው ያለ ዋጋ መገኘቱ አይደለም፤ ያለ ዋጋ በሌላ ቦታም ይገኝ ነበርና። ምንጩ መጠበቅን ግዴታ ያደረገው ደንብ ነው።

3. ስለ ጥራትና ስለ ካታሎግ

ጋባዥ የሌለው ሰው ወደ ዋት ሲዲ ለመግባት በጽሑፍ ፈተና ይቀርብ ነበር። የሚጠየቀውም ስለ ዘፋኞች ሳይሆን ስለ ድምፅ አቀዳድ ነው። በሲዲ ላይ ያለው ድምፅ በሰኮንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው። «ፍላክ» የሚባለው አቀማመጥ ይህን ልክ ምንም ሳያጐድል ያሳንሰዋል፤ «ኤም ፒ 3» ግን ጆሮ ብዙ የማያስተውለውን እየቈረጠ ይጥላል። ኤም ፒ 3 የነበረ ፋይል በኋላ ወደ ፍላክ ቢለወጥ በመጠን ይተልቃል እንጂ የተጣለው ድምፅ አይመለስም፤ ቅቤው የወጣለት አሬራ ወደ ወተቱ ዕቃ ቢገለበጥ ወተት እንደማይሆን ማለት ነው። አባላቱ ይህን ዐይነቱን ማታለል የድምፁን ሞገድ በሥዕል አውጥተው ይመረምሩ ነበር፤ ከፍተኛው ድምፅ ተቈርጦ ሲታይ ሐሰቱ ይገለጣል። ሲዲው ሲገለበጥ ስሕተት እንዳልተፈጠረ የሚያስረዳ መዝገብም ከፋይሉ ጋራ ይቀርብ ነበር።

እንደዚሁም አንድ አልበም በተለያየ ጊዜና በተለያየ አሳታሚ የወጣ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ እትም ከዓመቱ፣ ከአሳታሚውና ከመለያ ቍጥሩ ጋራ ለየብቻው ይመዘገብ ነበር። በዚህ ዐይነት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ እትሞች ተሰብስበዋል። ይህ ሁሉ ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች የተሠራ ነው።

4. ፍጻሜያቸው

ኦይንክ በ2004 ተቋቁሞ 180,000 ያህል አባላት ነበሩት። የእንግሊዝና የሆላንድ ፖሊሶች ጥቅምት 23 ቀን 2007 በአንድነት ተነሥተው አምስተርዳም የነበሩትን ሰርቨሮች ያዙ፤ መሥራቹም በሚድልስብሮ ከተማ ተያዘ። አሳታሚዎቹ ያቀረቡት ትልቁ ክስ ለገበያ ገና ያልቀረቡ አልበሞች አስቀድመው በዚያ ይወጣሉ የሚል ነበር፤ ይህም ለዓመታት የደከመበትን ሥራ ገና ያልሸጠ ሙዚቀኛን በእርግጥ የሚጐዳ ነው። መሥራቹ ግን በማጭበርበር ተከሶ በ2010 በነጻ ተለቀቀ። የ«ናይን ኢንች ኔይልስ» መሪ ትሬንት ሬዝነር በ2007 እርሱም የኦይንክ አባል እንደ ነበረ በግልጽ ተናግሯል፤ ያን የሚያህል የተሟላ የሙዚቃ መደብር ሌላ እንደሌለ ነበር ምክንያቱ። እንግዲህ ከባለ ሙያዎቹም መካከል በሁለት ሐሳብ የተያዙ ነበሩ።

ዋት ሲዲ የተነሣው ኦይንክ በተዘጋ በዚያው ወር ነው። ኅዳር 17 ቀን 2016 የፈረንሳይ ባለ ሥልጣኖች ሰርቨሮቹን ከያዙ በኋላ አስተዳዳሪዎቹ የአባላቱን መዝገብ ሁሉ እንዳጠፉ አስታውቀው ዘጉት። በዚያች ቀን የጠፋው ሙዚቃው አልነበረም፤ ፋይሎቹ በየአባሉ ቤት ተበትነው ነበር። የጠፋው ምን የት እንዳለ፣ የትኛው ቅጂ እውነተኛ እንደ ሆነ የሚያመለክተው የዘጠኝ ዓመት ካታሎግ ነው። ከተበተኑት አባላት ከፊሎቹ አዳዲስ ማኅበሮች አቋቁመው ሥራውን እንደ ገና ጀመሩ።

5. መደምደሚያ

ሕጋዊ የሆኑት ጠባቂዎችስ የተሻሉ ናቸውን? «ማይስፔስ» የተባለው ኩባንያ በ2019 እንዳስታወቀው፣ እስከ 2015 ድረስ ሙዚቀኞች በፈቃዳቸው ያስቀመጡበትን ሙዚቃ ሰርቨር ሲለውጥ አጥፍቶታል። ካታሎግ ነበረው፤ ብዙ ቅጂ ግን አልነበረውም። ዋት ሲዲ ብዙ ቅጂ ነበረው፤ ካታሎጉ ግን ሕግ የማያውቀው ስለ ነበረ በአንድ ቀን ጠፋ። አንድን ሥራ ለሚመጣው ትውልድ ለማቆየት ሦስት ነገሮች በአንድነት ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ብዙ ቅጂ፣ አንድ የታመነ ካታሎግና የባለ መብቱ ፈቃድ ናቸው።

ሦስቱን ማስተባበር የማይቻል አይደለም። ከ1999 ጀምሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው «ሎክስ» የተባለው የቤተ መጻሕፍት ማኅበር፣ በአሳታሚዎች ፈቃድ አንዱን መጽሔት በየቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጣል፤ ኮምፒዩተሮቹም ቅጂአቸውን እርስ በርሳቸው እያመሳከሩ የተበላሸውን ከጤናማው ያድሳሉ። ይህ በአሠራሩ ከአቻ ወደ አቻ የሆነ፣ በሕግም የተፈቀደ ወንፈል ነው።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለሙዚቃ ሥራ ባለ መብት ሰጥቶታል። በ1969 በአምሃ እሸቴ የተመሠረተው አምሃ ሬኮርድስ ያሳተማቸውን የመሰሉ ሸክላዎች፣ ከእነርሱም በኋላ የመጡት ካሴቶች፣ ዛሬ በየቤቱ የሚገኙ ናቸው፤ ካሴቱ በርጅና ይበላሻል፣ ሸክላውም ይሰበራል። ባለ መብቶችንና ወራሾቻቸውን አስፈቅዶ፣ እያንዳንዱን እትም ከነዓመቱና ከነመለያ ቍጥሩ መዝግቦ፣ ቅጂውን ከአንድ በበለጡ ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ከተማሪ ዐቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። መምህራንና ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ እንዲመረምሩትና ጕድለቱን እንዲያርሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።