የአሻንጉሊቷ አንገት ለምን ሲጥ ይላል?

በጃፓን ትልቋ ደሴት በሆንሹ ሰሜናዊ ክፍል፣ ቶሆኩ በሚባለው አካባቢ፣ ናሩኮ የተሰኘች የፍልውሃ ከተማ አለች። በዚያ የምትሠራው የእንጨት አሻንጉሊት ራሷን ይዘው ሲያዞሩት ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ታሰማለች። ስሟ ኮኬሺ ነው። እጅም እግርም የላትም፤ ያላት ክብ ራስና ድብልብል ገላ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአሻንጉሊቷን ውበት ከሠሪዋ ዕውቀት ጋር አያይዘን ለመመልከት እንሞክራለን።

ኮኬሺ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ እንደተጀመረች ይታመናል። ሳህንና ገበታ በቶርኖ የሚያወጡ እንጨት ሠሪዎች፣ ድካማቸውን ለማሳረፍ ወደ ፍልውሃ ለሚመጡ ገበሬዎች የልጅ ስጦታ አድርገው ይሸጧት ነበር። ስሟ ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለነበር ዛሬ የምትጠራበት የጸናው እ.ኤ.አ. በ1940 በናሩኮ በተደረገ ስብሰባ ነው። የፋብሪካ መጫወቻ በዝቶ ልጆች ሲተዋት ዐዋቂ ሰብሳቢዎች ታደጓት።

እንጨቱና ውሃው

ሠሪው ሚዙኪ የተባለውን ነጣ ያለ እንጨት ወይም ሌላ ተስማሚ ዛፍ ቆርጦ ልጡን ይልጥና ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያደርቀዋል። ትዕግሥቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ እንጨቱ መኮማተር ይጀምራል፤ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረውም ከመሐል ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ይህ አለመመጣጠን እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ሳይደርቅ የተቀረጸ ገላ ቀለም ከተቀባ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንገቱና ሰበቃው

የናሩኮ ሠሪ ገላውን በቶርኖ ላይ እያሽከረከረ፣ ከቀዳዳው በጥቂቱ የሚወፍረውን የራሷን አንገት በኃይል ይጫነዋል። ሰበቃው እንጨቱን ያሞቀዋል፤ ሙቀቱም ያለሰልሰዋል፤ አንገቱ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ቀዳዳው አንገቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሙጫ አያስፈልግም። ራሷን ስናዞር አንገቱ ጥቂት ይያዛል፣ ከዚያ በድንገት ይንሸራተታል፣ ዳግም ይያዛል። ይህ በፍጥነት ሲደጋገም እንጨቱ ይነዝራል፤ ድምፁም ይወጣል። የማሲንቆ ደጋን አውታሩን የሚያዘምረው በዚሁ ሕግ ነው። አንገቱ እጅግ ከሰፋ ገላው ይሰነጠቃል፤ ከጠበበ ድምፁ ይጠፋል። ልኩን የሚያውቀው የሠሪው እጅ ነው።

ቀለሙና ብርሃኑ

ቀለበቶቹ የሚሣሉት ብሩሽን በሚሽከረከረው ገላ ላይ በማስነካት ነው፤ ዓይንና ቅንድቡ ግን በጥቂት የብሩሽ ጭረት ይሣላሉ። ቀለሙ ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ የተሳሳተውን መደምሰስ ያዳግታል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። አንዲት ኮኬሺ በቢሯችን መስኮት ላይ ለዓመታት አኑረን ነበር። የልብሷ ቀይ አበባ ቀስ በቀስ ደብዝዞ ጠፋ፤ ፊቷ ግን እንደነበረ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊቷ የተሣለበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ካርቦን በመሆኑ ብርሃንን ይቋቋማል፤ የአበባው ቀለም ሞለኪውሎች ግን በብርሃን፣ በተለይም በአልትራቫዮሌት ጨረር፣ ይፈርሳሉ። የአንድ ሰው የእጅ ሥራ በእኛ ቸልተኝነት ጠፋ። ፊዚክስ እያስተማርን ይህን መዘንጋታችን ያሳፍረናል።

ስለዚህ ኮኬሺን የሚሰበስብ ሰው ከፀሐይና ከእርጥበት ይጠብቃት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ገልብጦ ከሥሯ ይመልከት፤ በዚያ ብዙ ጊዜ የሠሪዋ ስም ተጽፎ ይገኛል። ሠሪው የሰበቃን ቀመር በወረቀት ላይ አልጻፈ ይሆናል፤ ነገር ግን አንገቷ ባዞሩት ቁጥር ስለ ዕውቀቱ ይመሰክራል።